«ፖዳ ፒታ»ን «የተቃጠለ ኬክ» ማለት ልክ ነው?

ትናንት እዚህ አንድ ሰው «ፖዳ ፒታ» ምን ማለት ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። «የተቃጠለ ኬክ» የሚል መልስ ተሰጠው። ቃል በቃል ካያችሁት አልተሳሳተም፣ እኔን ግን ቅር አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ በምሥራቅ ሕንድ ያለችው የኦዲሻ ክልል ልጅ ናት፤ ይሄን የልጅነት ምግቧን ስታነሳ ድምጿ ራሱ ይለወጣል።

«ፖዳ» በኦዲሻ ሰዎች ቋንቋ፣ በኦዲያ፣ በእሳት የተቃጠለንም፣ በእሳት የተጋገረንም ይይዛል። የመሐሏ ድምፅ ምላስ ወደ ላንቃ ታጥፎ በ«ደ» እና በ«ረ» መካከል የሚወጣ ነው፣ ስለዚህ «ፖራ» ብላችሁ ብትጽፉም ያስኬዳል። «ፒታ» ደግሞ ከዓረቦቹ ቂጣ ጋር አይምታታባችሁ። ሥሩ የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ የሳንስክሪት «ፒሽታ» ነው፣ የተፈጨ ማለት። እኛ ከ«ደቀቀ» «ዱቄት» እንዳወጣነው መሆኑ ነው።

ትርጉሙን የሚፈታው ግን አሠራሩ ነው። ሩዝና ኡራድ የሚባለው ጥራጥሬ ተዘፍዝፎ ይፈጫል፤ ኮኮናት፣ የሸንኮራ ጥቁር ስኳር፣ ዝንጅብልና ሄል ይገባበታል፤ ከዚያ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ከታችም ከላይም ረመጥ ተደርጎለት ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ሲበስል ያድራል። ጠዋት ሲከፈት ዳሩ ጠቁሯል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው። ልጆች የሚሻሙት ያንን ጥቁሩን ዳር ነው!

የሚጋገረው በተለይ ለ«ሮጆ» በዓል ነው፣ በእኛ ሰኔ 7 ገደማ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ንጉሥ ከሚለው «ራጃ» ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቃሉ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ከምትጠራበት «ራጃስዋላ» ጋር ነው የሚዛመደው። በእነዚያ 3 ቀናት ምድር ራሷ እንደዚያ ናት ተብሎ ስለሚታመን አይታረስም፣ አይፈጭም፤ ልጃገረዶች ዥዋዥዌ ይጫወታሉ። ፒታው ቀድሞ የሚሰናዳውም ለዚህ ነው።

ታዲያ ይሄን ሁሉ «የተቃጠለ» እንበለው? በአማርኛ «ተቃጠለ» ካልን ተበላሸ ማለታችን ነው፣ «አረረ» ደግሞ ይብሳል። ድፎ ዳቦ በኮባ ጠቅልላ ከላይ ከታች እሳት ያደረገች እናት «ጋገርኩ» ነው የምትለው። እኔ «የረመጥ ዳቦ» እላለሁ። «የፍም» ያላልኩት፣ ፍም ይፋጃል፤ ረመጥ ግን አመድ ስለለበሰ በዝግታ ነው የሚያበስለው፣ የፖዳ ፒታም ጣዕም ያለው እዚያ ዝግታ ላይ ነው።

«ቼና ፖዳ» በሚባለው ሌላው የኦዲሻ ጣፋጭም ላይ ያለው ያው «ፖዳ» ነው፤ ቼና አይብ ነው።

አንድ ነገር ግን ቸግሮኛል፦ ያንን ጥቁር ጣፋጭ ዳር ምን እንበለው? «ቅርፊት» የሚጣል ነገር ይመስላል። በየአካባቢያችሁ የድፎ ዳቦን ዳር የምትጠሩበት ስም ካለ ጻፉልኝ።