ላርጅ ብሉ፦ ጦስኙ ሞልቶ ሳለ ቢራቢሮው ለምን ጠፋ?

ጠያቂ (ሰማያዊ ክንፍ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ላርጅ ብሉ ስለሚባለው የእንግሊዝ ቢራቢሮ (ፌንጋሪስ አሪዮን) ነው። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በዱር ጦስኝ እንቡጥ ላይ ነው። ቢራቢሮ ሰብሳቢዎች እንዳይደርሱበት ቦታ ታጥሮለት ነበር፣ ጦስኙም አልጠፋም፤ ቢራቢሮው ግን እ.ኤ.አ. በ1979 ከብሪታንያ ጠፋ። ምን ጎደለው? ሁለተኛ፣ ዛሬ ለእሱ በሚጠበቅ ተዳፋት ላይ ሣሩ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን? ከብቱስ መቼ ገብቶ መቼ ይውጣ? «አጠር ይበል» የሚል መልስ ብዙ አይቻለሁ፤ የምፈልገው ቁጥር ነው።

ጉንዳን ቆጣሪ
የጎደለው ጉንዳን ነው። እጩ ጦስኝ ላይ የሚቆየው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። አበባውን ከውስጥ ይበላል፤ በአንድ አበባ ላይ ሁለት እጮች ከተገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ለመጨረሻ ጊዜ ቆዳውን ከቀየረ በኋላ ወደ ማምሻው፣ ጉንዳኖች ምግብ ፍለጋ በሚወጡበት ሰዓት፣ መሬት ላይ ይወድቅና ዝም ብሎ ይጠብቃል። በዚያን ጊዜ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የመጨረሻ ክብደቱን 2 በመቶ እንኳ አይሞላም።

ሚርሚካ የሚባለው ቀይ ጉንዳን ሲያገኘው በአንቴናው ይነካካዋል፣ እጩም ከጀርባው ጣፋጭ ጠብታ ያወጣለታል። ቆይቶ የፊት ክፍሉን ነፋ አድርጎ ሲነሣ፣ ጠረኑም ስለሚመሳሰል፣ ጉንዳኑ ከጎሬ ያመለጠ የራሱ እጭ መስሎት አንጠልጥሎ ይገባል። ከዚያ ወዲያ ያው እንግዳ የጉንዳኑን ልጆች እየበላ ወደ አሥር ወር ያህል ይኖራል፤ ሁለተኛ ዓመት የሚጨምሩም አሉ። ፑፓ (እጭ ወደ ቢራቢሮ የሚለወጥበት ደረጃ) የሚሆነውም እዚያው ጎሬ ውስጥ ነው። በጁን ወይም በጁላይ ጠዋት ቢራቢሮው በመተላለፊያው ተስቦ ይወጣና ሣር ላይ ወጥቶ ክንፉን ይዘረጋል።

ብልሃቱ ያለው የጉንዳኑ ዓይነት ላይ ነው። ማንኛውም ሚርሚካ ያነሣዋል፤ እጩ በብዛት ተርፎ የሚያድገው ግን በሚርሚካ ሳቡሌቲ ጎሬ ነው። ተመራማሪው ጄረሚ ቶማስ በ1970ዎቹ ይህን ሲያረጋግጥ የቀረው መንጋ እጅግ ትንሽ ስለነበር ግኝቱ አላዳነውም። ሳቡሌቲ ሙቀት ወዳድ ነው። ሣሩ ከ3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ አፈሩ በ2–3 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ሳቡሌቲ ይሸሽና ቦታውን ሚርሚካ ስካብሪኖዲስ ይይዘዋል። ለዓይን ጦስኙም ጉንዳኑም እንዳለ ነው!

አጥሩ ሰብሳቢን ብቻ ሳይሆን ከብትንም አስቀረ። በ1953 ብሪታንያ የገባው ሚክሶማቶሲስ የሚባል የጥንቸል በሽታ ደግሞ ሣሩን ይላጭ የነበረውን ጥንቸል ጨረሰው።

የተዳፋት እረኛ
ወደ ቁጥሩ ልምጣ። ደቡብ በሚያይ ተዳፋት ላይ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር። መለኪያው የመስኩ አማካይ ቁመት ሳይሆን ጦስኙ ባለበት ቦታ ያለው ይሁን። ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አማካዩ ጥሩ ሆኖ ጦስኙ በረጅም ሣር ተውጦ ታገኙታላችሁ።

ከብት ወይም ድንክ ፈረስ በበልግና በጸደይ ይግባ (የአውሮፓውን ወቅት ነው የምለው፦ ከብርዱ ወራት በፊትና በኋላ)። ጦስኙ ማበብ ሳይጀምር ይውጣ፤ እጮቹ ጎሬ እስኪገቡ፣ ማለትም እስከ ኦገስት አጋማሽ ግድም፣ አይመለስ። አለዚያ እንቁላሉ ከነእንቡጡ ይበላል። የከብት ኮቴ የሚፈነቅለው አፈር ለጦስኝ ዘር ይጠቅማል፤ ማጨጃ ማሽን ይህን አይሠራም። የታጨደ ሣር ከቦታው ካልተነሣ ደግሞ አፈሩን ይሸፍናል፣ ትርፉ ኪሣራ ነው።

ጉንዳን ቆጣሪ
በቁጥሩ እስማማለሁ፣ ግን ሕግ አታድርጉት። ሞቃት በሆነው የአውሮፓ ክፍል ሳቡሌቲ በረጅም ሣር ውስጥም ይኖራል። አየሩ በሞቀ ቁጥር፣ በተለይ በድርቅ ዓመት፣ 1 ሴንቲ ሜትር ድረስ መላጨት ጦስኙን ያቃጥላል፣ አበባውም ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ በአንዱ ተዳፋት ላይ አጭርና መካከለኛ ሣር ተሰባጥሮ ቢኖር እመርጣለሁ።

ከሣሩ ቁመት በፊት ጉንዳኑን ቁጠሩ። በየጥቂት ሜትሩ የኬክ ፍርፋሪ ከስኳር ጋር አስቀምጡ፤ ፀሐይ ሳይበረታ ጠዋት ወይም ወደ ማምሻው ይሁን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የመጡትን ተመልከቱ። ሳቡሌቲን ከስካብሪኖዲስ የሚለየው አንቴናው ከጭንቅላቱ በሚነሣበት ቦታ ያለው እጥፋት ነው፤ ሳቡሌቲ እዚያ ላይ ጎላ ያለ ክንፋማ ጠርዝ አለው። ጥሩ አጉሊ መነጽር ያስፈልጋል፣ በዓይን ብቻ አይሆንም።

ሰማያዊ ክንፍ
እናመሰግናለን። ጎሬው በበቂ ካለ፣ እጭ በብዛት ማምጣት ይበቃል ማለት ነው?

የተዳፋት እረኛ
አይበቃም። አንድ ቢራቢሮ ለማድረስ ከ300 በላይ ሠራተኛ ጉንዳን ያለው ጎሬ ይጠይቃል። ጦስኙ በአንድ ቦታ ከተከማቸ ብዙ እጭ ወደ አንድ ጎሬ ይገባል፣ የጉንዳን ልጆች ያልቃሉ፣ ሁሉም ይራባሉ። ከጎሬዎቹ ርቆ የበቀለ ጦስኝ ደግሞ ወጥመድ ነው፤ እንቁላል ይጣልበታል፣ እጩን የሚያነሣው ግን የለም። የምትፈልጉት ጦስኝ ከጎሬዎቹ ጋር ተደባልቆ በየቦታው የተበተነበትን ነው።

ከ1983 ጀምሮ ወደ እንግሊዝ የተመለሰው ዘር ከስዊድኗ ኦላንድ ደሴት የመጣ ነው፤ በ2019 እዚያው እንግሊዝ ባለው ሮድቦሮ ኮመን የግጦሽ መስክ ላይ ወደ 1,100 እጮች ሲለቀቁ ቦታው አስቀድሞ ለዓመታት በግጦሽ ተዘጋጅቶ ነበር። እና ቢራቢሮው በ1981ዱ የብሪታንያ የዱር እንስሳት ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ያለ ፈቃድ እንቁላልም ሆነ እጭ ማንሣት ወንጀል ነው።