ሊብሬኦፊስ ላይ አማርኛ እምቢ አለኝ

አራት ኪሎ ማመልከቻና ሲቪ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ላፕቶፔ 4ኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው። ለዊንዶውስ 11 አይበቃም፤ የ10ሩ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 2018 አብቅቷል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ዊንዶውሱ «አፕዴት ላይ ነው፣ አታጥፉ» ሲለኝ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ሚንት 22 የሚባለውን ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫንኩ። ፍጥነቱ ሌላ ነው፤ ፕሪንተሩም ያለ ሲዲ ሠራ።

አማርኛውን አይባስ ኤም17ኤን በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም አስገባሁ። ፋየርፎክስ ላይ «ኤስ» እና «ኢ»ን ስነካ «ሰ» ይወጣል። ሊብሬኦፊስ (እንደ ወርድ ያለ ነፃ የመጻፊያ ፕሮግራም) ላይ ግን የእንግሊዝኛው ፊደል እንዳለ ቁጭ ይላል። ፎንት ቀየርኩ፣ አጥፍቼ አበራሁ፣ ወይ ፍንክች። ለጊዜው ሌላ ቦታ ጽፌ ኮፒ አደርጋለሁ፤ ሰልፍ ሲኖር ግን አያዋጣም። ሊብሬኦፊሱን የጫንኩት ፍላትፓክ በሚባለው ለብቻው በሆነ የፕሮግራም መጫኛ መንገድ ነው። አጥፍቼው ከሚንት ከራሱ ማከማቻ ልጫን፣ ወይስ አይባስ ላይ የማስተካክለው ነገር አለ?