ሰው አስይዞ መበደር፦ የጥጥ ባንኮች ካሳ ይክፈሉ?

ለክርክር የቀረበው፦ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በፊት በባሪያ ጉልበት የሚመረተውን ጥጥና ስኳር በገንዘብ ያንቀሳቀሱ የባንክ ቤተሰቦች ነበሩ። የለንደኑ ቤሪንግ፣ የአሜሪካዎቹ ብራውንና ሌማን። ባንኮቻቸውና ወራሾቻቸው ዛሬ ካሳ ይክፈሉ? ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሒሳብ አዋቂው፦ አይክፈሉ ባይ ነኝ። ከማን ልትቀበሉ? ሌማን በ2008 ከሰረ። ቤሪንግ በ1995 ወድቆ በአንድ ፓውንድ ተሸጠ። ደግሞ ነጋዴ ጥጥ ገዛ፣ ሸጠ። አለንጋ የያዘው እርሻው ላይ ያለው ሰው ነው።

መምህሯ፦ "ገዛ፣ ሸጠ" ብቻ አይደለም። አሌክሳንደር ብራውን ከሰሜን አየርላንድ መጥቶ ባልቲሞር ላይ ጨርቅ ይነግድ ነበር። ልጆቹ ሊቨርፑልና ኒው ዮርክ ላይ የንግድ ቤት ከፈቱ። ጥጡ ገና ሳይሸጥ ቅድሚያ ይከፍሉ ነበር። ያ ገንዘብ ባይኖር ባለ እርሻው በዚያ ፍጥነት አይስፋፋም።

ብድር ክፍል የምትሠራዋ፦ እኔ ባንክ ውስጥ ብድር ክፍል ነው የምሠራው፣ አዲስ አበባ። ሰው ሊበደር ሲመጣ መጀመሪያ "ምን ታስይዛለህ?" እለዋለሁ። የቤት ካርታ ያመጣል። መሐንዲስ ሄዶ ይገምታል፣ ካርታው ይታገዳል። የአሜሪካ ደቡብ ግዛት በሆነችው ሉዊዚያናም እንዲሁ ነበር። ልዩነቱ በካርታው ቦታ ሰው መግባቱ ነው። ውሉ ላይ የመሬቱ ስፋት ይጻፋል። ከሥሩ የሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ የልጆች ስም። ከዚያ ግምት። የማውቀው ፎርም ስለሆነ ነው የዘገነነኝ።

በ1827 የሉዊዚያና ባለ እርሻዎች ተባብረው ባንክ አቋቋሙ። መሬታቸውንና ባሪያዎቻቸውን አስያዙ። ባንኩ በዚያ ላይ ቦንድ አወጣ፣ ግዛቲቱ ዋስ ሆነች፣ ቤሪንግ ቦንዱን አውሮፓ ውስጥ ሸጠው። ለንደን ቁጭ ብሎ ወለድ የሚቀበል ሰው የጥጥ እርሻ አይቶ አያውቅም። ግን ዕዳ ካልተከፈለ መያዣ ይሸጣል። ሐራጅ የሚወጣው ሰው ነው!

ስኳርማ ይብሳል። የእንፋሎት ወፍጮ ይፈልጋል፣ እሱም ብድር ይፈልጋል። አገዳው ውርጭ ሳይመታው መቆረጥ ስላለበት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ሁሉ ይሠራል።

ሒሳብ አዋቂው፦ እሺ፣ ይሁን። ግን ያኔ ሕጋዊ ነበር። ከ160 ዓመት በላይ ሆነው። ይርጋ የሚባል፣ የክስ ጊዜ ገደብ አለ።

መምህሯ፦ ይርጋ ለማን? እንግሊዝ በ1833 ባርነት የሚቀርበትን ሕግ ስታወጣ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ካሳ የመደበችው ለባለቤቶቹ ነው። ለባሪያው ሰባራ ሳንቲም አልደረሰውም። 15 ሚሊዮኑን በ1835 በብድር ያሰባሰቡት የለንደን ባለ ገንዘቦቹ ናታን ሮትሺልድና ሞሰስ ሞንቴፊዮሬ ናቸው። ያ ዕዳ ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ለአበዳሪ ሲሆን ጊዜው አልረዘመም።

ከአሜሪካ ቨርጂኒያ የሚሳተፈው፦ ይህን ሲያነብ "የአይሁድ ሥራ ነው" የሚል ሰው አይጠፋም። ከወዲሁ ላርም። ሌማኖች አይሁድ ናቸው፣ አላባማ ውስጥ ባሪያ ነበራቸው፣ እውነት ነው። ቤሪንጎችና ብራውኖች ግን ፕሮቴስታንት ናቸው። ከባሪያ ትርፍ የራቀ ሃይማኖት አልነበረም።

ወደ ካሳው ልመለስ። ቺካጎ ከከተማው ጋር የሚሠራ ድርጅት የባርነት ዘመን መዝገቡን እንዲፈትሽ ሕግ አወጣች። ትልቁ የአሜሪካ ባንክ ጄፒሞርጋን ፈትሾ በ2005 ይቅርታ ጠየቀ። በኋላ ወደ እሱ የተጠቃለሉ ሁለት የሉዊዚያና ባንኮች ወደ 13,000 ሰው በመያዣነት ተቀብለው ነበር። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው 1,250 ያህሉን ወረሱ። ጄፒሞርጋን ለሉዊዚያና ጥቁር ተማሪዎች 5 ሚሊዮን ዶላር ስኮላርሺፕ መደበ። ጥሩ ጅምር ነው እላለሁ።

ብድር ክፍል የምትሠራዋ፦ 5 ሚሊዮኑን ለ13,000 አካፍለው። ለአንድ ሰው 385 ዶላር አይሞላም።

ሒሳብ አዋቂው፦ የልጅ ልጅ በቅድመ አያቱ ይጠየቅ የሚለውን አሁንም አልቀበልም። ድርጅት ግን ሌላ ነው። ሀብቱን የተረከበ ዕዳውንም ይረከባል፣ በሙያችን የታወቀ ነው። የብራውን ባንክ ደግሞ ብራውን ብራዘርስ ሃሪማን ተብሎ ዛሬም አለ። መዝገብ ይከፈት ካላችሁ አብሬ እፈርማለሁ።

መምህሯ፦ እኔም ከመዝገቡ ነው የምጀምረው። የ1850 እና የ1860 የአሜሪካ ቆጠራ ባሪያን በስም አልመዘገበም ማለት ይቻላል። ዕድሜ፣ ጾታና የቆዳ ቀለም ጽፎ ያልፋል። አበዳሪው ግን መያዣው እንዳይጠፋበት ስም በስም ጻፈ። ዛሬ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው ስሟን የሚያገኘው እዚያ የብድር ውል ላይ ሊሆን ይችላል።