ወደ አሜሪካ ያለ ቪዛ የሚያስገባው ፈቃድ እንዴት ይታደሳል?

ጥያቄ፤ ከደብረ ብርሃን

የስዊድን ዜግነት ያላት ታላቅ እህቴ ጥምቀትን ከእኛ ጋር ለማክበር መጥታለች፤ ከበዓሉ በኋላም የወንድማችን ልጅ ሠርግ ላይ ለመገኘት ከቦሌ በቀጥታ ወደ ዋሽንግተን ለመብረር አስባለች። ኢስታ የሚባለውን የጉዞ ፈቃድ የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ግድም እኔው በስልኬ ሞልቼላት ተፈቅዶላት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፓስፖርቷን ቀይራለች። ቀሪው ጊዜ ወደ አዲሱ ፓስፖርት ይዛወርላታል ወይስ ማሳደስ ያስፈልጋል? ክፍያውስ ስንት ነው?

መልስ፤ ከሸዋ ሮቢት

በልማድ «እድሳት» እንላለን እንጂ ኢስታ አይታደስም፤ ጊዜው ሲያልቅ እንደ አዲስ ይጠየቃል። ፈቃዱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ሲሆን፣ ፓስፖርቱ ቀድሞ ካበቃ ግን አብሮት ያበቃል። የተያያዘውም ከፓስፖርቱ ቁጥር ጋር ስለሆነ፣ እህትዎ ፓስፖርት በቀየሩ ዕለት የቀድሞው ፈቃድ ዋጋ አጥቷል። ክፍያው በመስከረም 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ከ21 ወደ 40 ዶላር፣ ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ወደ 40.27 ዶላር ከፍ ብሏል፤ ከዚህ የበለጠ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠመዎ የመንግሥት ሳይሆን የደላላ ነው። ቢያንስ ከበረራው 72 ሰዓት አስቀድመው ይላኩ፤ አየር መንገዱ ፈቃድ የሌለውን መንገደኛ አያሳፍርም። በአንድ ጉዞ መቆየት የሚቻለው ቢበዛ 90 ቀን ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ እህትዎ ወደ ስዊድን የሄዱት በየት በኩል ነበር?

ጠያቂው

በ2003 ዓ.ም. መስከረም ላይ በመተማ ወጥታ፣ እስከ ግንቦት ካርቱም ቆይታ ነው የተሻገረችው። ቅጹ ላይ «ከመጋቢት 1 ቀን 2011 ወዲህ ሱዳን ነበሩ ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለነበር፣ በ2011 እህቴ ስዊድን ከገባች ብዙ ዓመት አልፏት ነበርና «አልነበረችም» ብዬ ሞልቻለሁ።

መልስ፤ የመሐል ሜዳ ተወላጅ፣ ነዋሪነት ጀርመን

ስህተቱ የተፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ቅጹ የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ፣ ያ ቀን በእኛ የካቲት 22 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ዋዜማ ማለት ነው። እህትዎ ሱዳን የገቡት ከዚያ በፊት ቢሆንም እስከ ግንቦት እዚያው ስለነበሩ ጥያቄው በቀጥታ ይመለከታቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሱዳን፣ ሊቢያ፣ ሶማሊያ፣ የመን ወይም ሌሎቹ የተዘረዘሩት አገሮች የነበረ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በኢስታ መግባት አይችልም። ይህ ማለት ግን አሜሪካ ተዘግቶባቸዋል ማለት አይደለም፤ መደበኛውን የጎብኚ ቪዛ ጠይቀው ቃለ መጠይቅ ይቀርባሉ እንጂ። እኔም በ2005 ዓ.ም. በመተማ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ኢስታ ተከልክዬ ጀርመን ውስጥ ቀጠሮ ይዤ ቪዛውን አግኝቻለሁ፣ ቪዛ ያለው ደግሞ ኢስታ አያስፈልገውም።

አደራ፣ የቀድሞውን መልስ በአዲሱ ቅጽ ላይ እንዳይደግሙት። ባለማወቅ የተሞላ ስህተት ሊብራራ ይችላል፤ እያወቁ ሐሰት መሙላት ግን ለዘለቄታው ሊያስከለክል ይችላል። በቃለ መጠይቁም ዕለት እህትዎ የዘመን አቆጣጠሩን ስህተት ሳይጠየቁ ቢናገሩ ይሻላል።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቪዛውን አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ ልትጠይቅ ትችላለች?

መልስ፤ የመሐል ሜዳ ተወላጅ

ከመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ አመልካቾች በዜግነታቸው ወይም በሚኖሩበት አገር እንዲጠይቁ ስለታዘዘ፣ ስቶክሆልም ቢጠይቁ ይሻላል። ሠርግ በአብዛኛው ለአስቸኳይ ቀጠሮ እንደ በቂ ምክንያት ስለማይቆጠር፣ የቦሌውን ትኬት ወደ ስቶክሆልም ያስቀይሩላቸው፤ ለሙሽሮቹም ወላጆች ከአሁኑ ይንገሯቸው።