ለትንሽ ትራክተር የግራፕል መቆጣጠሪያ፤ የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ፦
25 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ነው፣ ከፊት ሎደር (ባኬት ያለው የመጫኛ ክንድ) አለው። የባሕር ዛፍ ግንድና ጭራሮ የሚያነሳ ግራፕል (እንደ መንጋጋ አፉን ዘግቶ የሚይዝ መሣሪያ) ልገጥምለት ነው። ሎደሩ ክንዱን ከማንሳትና ባኬቱን ከማዞር ውጪ ሌላ የሃይድሮሊክ (የዘይት ግፊት) መስመር የለውም። ከኋላ አንድ የሃይድሮሊክ መውጫ አለ። ከዚያ ቱቦ ወደ ፊት ልሳብ? ዳይቨርተር ልግጠም? ወይስ ሙሉ የሦስተኛ መስመር ቫልቭ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባኬቱንና ግራፕሉን በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ ትፈልጋለህ ወይ የሚለውን ወስን። ዳይቨርተር የባኬቱን ዘይት ወደ ግራፕል ነው የሚያዞረው። የጆይስቲኩን (የሎደሩ መቆጣጠሪያ ዘንግ) ቁልፍ ተጭነህ ወደ ጎን ስትገፋ ግራፕሉ ይሠራል፣ ባኬቱ ግን ይቆማል። ዋጋው ቀለል ይላል፣ የፓምፑንም መስመር አትነካም። ለግንድ ይበቃል። ጭራሮ ላይ ግን አፉን እየዘጋህ ባኬቱን ወደ ኋላ ካላጠፍከው ግማሹ ይፈስሳል። ሥራህ በብዛት ጭራሮ ከሆነ ሙሉውን የሦስተኛ መስመር ቫልቭ ግጠም፤ ለግራፕሉ የራሱን መስመር ስለሚሰጠው ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይሠራሉ።

የኋላውን መውጫ አልመክርህም። በጫንክ ቁጥር እጅህ ከጆይስቲኩ ይነሳል፤ የመውጫው መቆጣጠሪያ ዘንግ ተቆልፎ የሚቀር ዓይነት ከሆነ ደግሞ አፉ ከተዘጋ በኋላም ፓምፑ ይገፋል፣ ዘይቱ ይግላል።

መልስ 2፦
ሙሉውን ከገጠምክ የመስመሩን ተራ አትሳት። የሎደር ቫልቩ ፒቢ (PB፣ ዘይቱን ወደ ቀጣዩ ቫልቭ የሚያሳልፍ) መውጫ ወደ አዲሱ ቫልቭ ፒ (P፣ የግፊት መግቢያ) ይገባል፣ የአዲሱ ፒቢ ወደ ኋላ ማንሻው (ከኋላ የሚታሰር መሣሪያ የሚያነሳው ክንድ) ይሄዳል፣ ቲ (T፣ የመመለሻ መውጫ) ግን በቀጥታ ወደ ዘይት ታንኩ። ፒቢና ቲ ከተቀያየሩ የኋላ ማንሻው አያነሳም፤ ከፍተኛ ግፊት ለማይችለው ለቲ ክፍል ግፊት ከደረሰው ቫልቩ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ለሶሌኖይዱ (ቫልቩን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሰው ማግኔት) 12 ቮልቱን የትራክተሩ ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚሠራ መስመር በፊውዝና በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ውሰድ። ኔጌቲቩን ቀለም በተፋቀበት ብረት ላይ እሰር። ግራፕሉ ከፍቶ አልዘጋ ካለ የሁለቱን ኮይሎች (የሶሌኖይዱ የሽቦ ጥቅሎች) ሶኬት አቀያይር። ችግሩ ወደ ሌላው ወገን ከዞረ ሽቦው ወይም ማብሪያው ነው፤ ካልዞረ ኮይሉን ለካ፣ ከዚያ ቫልቩ ውስጥ ቆሻሻ ፈልግ።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ግንድ ይዤ ስጓዝ አፉ ቀስ በቀስ ቢከፈትስ?

መልስ 3፦
ቫልቩ ውስጥ ዘይት ይሾልካል፣ ወይም አፉን የሚያንቀሳቅሰው ሲሊንደር ሲል (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ተበልቷል። ሲሉ ደህና ከሆነ ሲሊንደሩ አጠገብ ፓይለት ቼክ ቫልቭ (ዘይቱ ከሲሊንደሩ እንዳይወጣ የሚቆልፍ) ግጠም፤ ይይዘዋል።

ግራፕሉን ስትፈታ ባኬቱን መሬት አሳርፍ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ የትራክተሩን ቁልፍ ክፈትና የግራፕሉን ማብሪያ በሁለቱም በኩል ጥቂት ሰከንድ ተጫን። አለዚያ በቱቦው የቀረው ዘይት ፀሐይ ሲመታው ግፊቱ ይጨምርና መጋጠሚያው አልገባ ይልሃል። በመዶሻ አትምታው። የሚንጠባጠብ ቦታ ስትፈልግም ካርቶን አስጠጋበት እንጂ እጅህን አታስጠጋ፤ በግፊት የሚረጭ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል።