«የሩሲያ የኃይል ጥገኝነት»፦ ጥገኛው ማን ነው?

ባለ መዝገበ ቃላት፦ ሰላም ለቤቱ። አንድ ዓረፍተ ነገር አላሳልፍ ብሎኛል። የምኖረው ጀርመን ነው፤ ለማኅበራችን መጽሔት ዜና አዘጋጃለሁ። በሬዲዮ የሰማሁት እንዲህ ይላል፦ «የሩሲያ የኃይል ጥገኝነት አውሮፓን ብዙ ዋጋ አስከፍሏታል።» ጥገኛዋ ማን ናት? ሩሲያ ወይስ አውሮፓ? ደግሞ እዚህ አገር «ጥገኝነት» ሲባል ለሐበሻ ትዝ የሚለው ወረቀት ነው። አክስቴ ዜናውን ሰምታ «አውሮፓም ጥገኝነት ጠየቀች እንዴ?» አለችኝ።

ሰምና ወርቅ፦ አክስትህ አልተሳሳቱም። ቤተሰቡ አንድ ነው፤ ጠጋ፣ ተጠጋ፣ መጠጊያ፣ ጥገኛ። ቤት የሌለው የሰው ጥግ ይይዛል። ምዕራብ ጀርመንም በ1970 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ቧንቧ ሰጥታ የሶቪየት ጋዝ ልትቀበል ስትዋዋል ጥግ ያዘች። አለቀ።

ጉራማይሌ፦ አላለቀም። እኔ «ጥገኛ» ከ«ጥገት» የመጣ ነው ባይ ነኝ። ጥገት የምትታለብ ላም ናት። በ2021 የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ ከሚያስገባው ጋዝ 45 በመቶ ገደማው የሩሲያ ነበር። ይሄ መጥባት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ሰምና ወርቅ፦ ድምፅ ስለተመሳሰለ ዝምድና የለም ወዳጄ። በዚህ አያያዝህ ነገ «ጋዜጣ» ከ«ጋዝ» ተወለደ ትለናለህ።

ጉራማይሌ፦ ጋዜጣው ስለ ጋዝ ብቻ ከሆነማ ምን ይታወቃል 😄

የዳዊት ደጋሚ፦ ልጆች፣ ዳዊት የደገመ ሰው እንዲህ አይንከራተትም። መዝሙር 45ን ክፈቱ። «አምላክነሰ ኃይልነ ወጸወንነ» ይላል። አማርኛው «አምላካችን መጠጊያችንና ኃይላችን» ብሎታል። ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን! መጠጊያ ውስጥ ውርደት የለም፤ ክብሩ የአስጠጊው ነው። «ጥገኛ» ግን ተጠጊውን ይነካል። የሆድ ትል እንኳ «ጥገኛ ተውሳክ» ይባላል። ሬዲዮው አውሮፓን ሰድቧታል።

ሰምና ወርቅ፦ የኔታ፣ ግዕዙ ኃይልን ያስቀድማል፤ አማርኛው መጠጊያን። ይህን ለምን ዘለሉት?

የዳዊት ደጋሚ፦ አልዘለልኩም። ቅኔ ቤት ስንት ዓመት ተቀመጥክ?

ሰምና ወርቅ፦ በርቀት ነው የተማርኩት 🙏

ሰሚ፦ እኔ የሚገባኝ ሃይል ማለት መብራት ነው።

የዳዊት ደጋሚ፦ መጀመሪያ «ኃይል» ተብሎ በብዙኃን ኃ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ኃይል ሠራዊትም ነው። «አምላከ ኃያላን» ስንል የጄኔሬተር አምላክ ማለታችን አይደለም።

ሰሚ፦ ይቅርታ የኔታ። ታዲያ «የኃያላን ፉክክር» የሚባለው ከዚያ ነው?

የቧንቧ ሰው፦ ልግባ። ሙያዬ ነው። ጠያቂው «ማን በማን?» ብሏል፤ እናንተ ላም ታልባላችሁ። ቧንቧ ሁለት ጫፍ አለው። በሰሜን ምዕራብ ሳይቤሪያ፣ ያማል አካባቢ ያለው ጋዝ መስመሩ የተዘረጋው ወደ አውሮፓ ነው። ወደ ቻይና የሚሄደው «የሳይቤሪያ ኃይል» የተባለው መስመር ጋዙን የሚቀዳው ከሌላ ቦታ፣ ከምሥራቅ ሳይቤሪያ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ ገበያ ሲዘጋ ያንን ጋዝ አዙሮ ለቤጂንግ መሸጥ አይቻልም። ጋዝፕሮም፣ ያ የሩሲያ መንግሥት የጋዝ ኩባንያ፣ በ2023 ከ600 ቢሊዮን ሩብል በላይ ከሰረ። ከ1999 ወዲህ ዓመታዊ ኪሳራ ሲያስመዘግብ የመጀመሪያው ነው። እና ማን ነው ጥገኛው?

ጉራማይሌ፦ ያልታለበች ላም ያማታል። ጥገት አላልኩም?

የቧንቧ ሰው፦ 😂 እሺ አንድ ለአንተ።

ሰምና ወርቅ፦ ይሄ ግን ሰዋስውን አይፈታም። «የ» ባለቤትንም ያሳያል፣ ምንጭንም ያሳያል። «የእናት ፍቅር» ስትል እናት ወዳ ነው ተወዳ?

ባለ መዝገበ ቃላት፦ እኔም እኮ የጠየቅኩት እሱን ነው! «አውሮፓ በሩሲያ ጋዝ ላይ ያላት ጥገኝነት» ብዬ ልጻፈው? መጽሔቱ ነገ ማተሚያ ቤት ይገባል።

የዳዊት ደጋሚ፦ «በ...ላይ» ፈረንጅኛ ነው። ሰው ሰው ላይ አይጠጋም፤ ወደ ሰው ይጠጋል።

ሰሚ፦ የኔታ፣ ሰው ግን እንደዛ ነው የሚያወራው።

የባልቲክ ነፋስ፦ ተቃራኒውስ? ሊትዌንያ በ2014 ፈሳሽ ጋዝ የምትቀበልበት ተንሳፋፊ ጣቢያ ክላይፔዳ ወደብ ላይ አቆመች። የመርከቡ ስም ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ነጻነት»። እስከዚያ ድረስ የጋዙ ሻጭ ሩሲያ ብቻ ነበረች። ሌላ ሻጭ ሲመጣ የመደራደር አቅም አገኙ። ጀርመን ግን እንዲህ ያለውን ጣቢያ ቪልሄልምስሃፈን ወደብ ላይ የከፈተችው በታኅሣሥ 2022 ነው። ያውም ከሩሲያ ወደ ጀርመን በባሕር ሥር የተዘረጉት የኖርድ ስትሪም የጋዝ መስመሮች መስከረም ላይ ከፈነዱ በኋላ።

ሰምና ወርቅ፦ ነጻነት እንኳን አትበል። ሐምሌ 2025 ስኮትላንድ ላይ የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ቮን ደር ላየንና ትራምፕ ሲስማሙ፣ አውሮፓ በሦስት ዓመት የ750 ቢሊዮን ዶላር የአሜሪካ ኃይል ትገዛለች ተባለ። ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ።

የቧንቧ ሰው፦ ልዩነት አለው። መርከብ ይዞራል፣ ቧንቧ አይዞርም። የአሜሪካው ቢወደድ ከኳታር ትጠራለህ። ዋጋው ግን ከእስያ ጋር እየተጫረትክ ነው።

ሰምና ወርቅ፦ ታዲያ «ጥገኝነት» ሳይሆን «ደንበኝነት» ነዋ።

የዳዊት ደጋሚ፦ «ደንበኛ» ውስጥ ደግሞ «ደንብ» አለ። ደንብ የሚያወጣው ማን ነው?

ሰምና ወርቅ፦ ጀመሩ የኔታ።

ጉራማይሌ፦ እኔ «ነጻ» ከ«ነጽሐ» ነው እላለሁ። ነጻ የወጣ ማለት የነጻ፣ የጠራ ማለት ነው። ብራስልስም፣ የአውሮፓ ኅብረት ማለቴ ነው፣ በ2022 ጋዝን በቅድመ ሁኔታ ከአረንጓዴ ኢንቨስትመንቶች ዝርዝር አስገብታዋለች። ስለዚህ ሊትዌንያዎች መርከቡን «ነጻነት» ሲሉ ንጽሕናም አስበው ይሆናል።

የቧንቧ ሰው፦ እነሱ አማርኛ አይችሉም።

ጉራማይሌ፦ እሱ የእነሱ ችግር ነው።

የዳዊት ደጋሚ፦ በመጨረሻ ጉራማይሌ ትክክል ነገር ተናገረ፤ «ነጽሐ» ላይ ማለቴ ነው። ስለ ላሟ ግን አሁንም አልቀበልም።