ስክሪን ከተቀየረ ወዲህ ሰልፊው ጭጋግ ለብሷል፤ መላ ያላችሁ?

ሰላም የሞባይል ጥገና ባለሙያዎች፣ ከደሴ ፒያሳ ነኝ። እጄ ላይ ያለው ባለ 16 ሜጋፒክስል የሰልፊ ስልክ ነው። ስክሪኑ ኤልሲዲ (ከጀርባው መብራት ያለው ዓይነት) ነው፣ የፊት ካሜራው በስክሪኑ ቀዳዳ በኩል ያያል። ስክሪኑ ከተቀየረ ወዲህ ፊት ሁሉ ወተት የተረጨበት ይመስላል፤ ከጀርባ መስኮት ካለማ ጭራሽ ይነጣል። የኋላው ካሜራ ጥርት ያለ ነው።

ቢውቲ ሞዱ (ፊት የሚያለሰልሰው የካሜራ ማስተካከያ) ዜሮ ላይ ነው (ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነበር)። ሌንሱ በ99 በመቶ አልኮል ተጠርጓል፣ የአዲሱ ስክሪን መከላከያ ላስቲክ ከውስጥም ከውጭም ተልጧል። ካሜራው ከተመሳሳይ ስልክ በተነቀለ ተቀየረ፣ ያው ነው። የደሴ ጉም እንዳይሆን ኮምቦልቻ በቀትር ተሞከረ፤ ለውጥ የለም።

አንድ ፍንጭ ግን አለ። ብራይትነስ እስከ ታች ሲወርድ ጭጋጉ ይቀንሳል፤ የስክሪን ፍላሹ (ለሰልፊ ስክሪኑ ራሱ ነጭ የሚያበራው) ሲበራ ይብሳል። ስለዚህ የስክሪኑ መብራት በቀዳዳው ዳር ወደ ሌንሱ እየሾለከ ነው ባይ ነኝ። ካሜራውን የሚከበው ጥቁር የስፖንጅ ቀለበት ከድሮው ስክሪን ሲላቀቅ ተበጣጥሷል፣ አዲሱም ያለ ቀለበት ነው የመጣው።

ቀለበቱን በስንት ሚሊሜትር ውፍረት ልተካው? 0.5 ስክሪኑን ገፍቶ ቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ነጥብ አወጣ፤ 0.3 ደግሞ ብርሃኑን አልዘጋም። የቀዳዳውን ዳር ከውስጥ ጥቁር ቀለም ቀብቶ የተሳካለት አለ? ቢ 7000 ሙጫስ እስኪደርቅ ትነቱ ሌንስ ላይ ያርፋል? ስፖንጁ እዚሁ ካለ ጠቁሙኝ፣ ከሌለ መርካቶ ሰው ልላክ።